ለአንድ ስዊች የተላኩ ሽማግሌዎች

ላጲስ የኮምፒውተር መድኃኒት መሆኑን ታውቃላችሁ አይደል? እኛ ጋ ኮምፒውተር እምቢ ሲል መጀመሪያ ሽፋኑ ይከፈታል። ራም የሚሉት ቁራጭ ካርድ ይነቀላል፤ ጥርሱ በላጲስ ይታሻል፤ እፍ ይባልና ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ የለም። ምን በወጣው! የሠራ ነገር ለምን ሠራህ አይባልም፤ የሚመረመረው እምቢ ያለው ነው። እኔ ግን ይህ መድኃኒት ሲከሽፍ አይቻለሁ። የከሸፈበት ምክንያትም ቀላል ነበር። የታመመው ኮምፒውተሩ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ቆይቶ፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን ነው። ካዛንቺስ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ከጁስ ቤቱ በላይ ሦስት ሆነን እንሠራ ነበር። ሥራችን ቦርድ መሥራት ነው። ማለቴ፣ መብራት ሲጠፋ ወይም ሲደክም ጄነሬተር የሚያስነሳ፣ ሲመለስ ደግሞ ጄነሬተሩን የሚያሳርፍ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። ሰው ሁሉ መብራት ጠፋ ብሎ ሲያማርር የእኛ ስልክ ይጮሃል። የአንዱ ጨለማ ለሌላው እንጀራ ነው፤ ምን ይደረጋል?

አለቃችን ጋሽ አስራት ይባላሉ። ቡልጋሪያ የተማሩ መሐንዲስ ናቸው። ቡልጋሪያ ስላችሁ ታክሲ የሚጭንበት ሰፈር እንዳይመስላችሁ፤ አገሩን ነው። እሳቸውም ይህንን ሳያብራሩ አያልፉም፤ ጠያቂ ባይኖርም ያብራራሉ። እጃቸው ወርቅ ነው። የተቃጠለ ቦርድ አሽትተው የትኛው ዕቃ እንደሄደ ይነግሯችኋል። ጉድለታቸው አንድ ብቻ ነው። ተሳስተዋል የሚላቸው ሰው ከመጣ ሦስት ቀን ምሳ አይበሉም። የእሳቸው አለመብላት ደግሞ ለእኛ ይተርፋል፤ የራበው አለቃ ምን እንደሚመስል የሠራ ያውቀዋል።

ሁለተኛዋ ማርታ ናት። የቦርዱን ንድፍ የምትስለው እሷ ናት። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ፣ የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አሥር ቀን ያህል የቀረኝ ሠራተኛ። ሙከራው ሲያልቅ ወይ የቋሚነት ደብዳቤ አገኛለሁ፤ ወይ በደህና ሂድ እባላለሁ። እናቴ ግን አልጠበቀችም። ልጄ ቋሚ ሆነ ብላ ለደብረ ብርሃን ጎረቤቶቿ ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። እንግዲህ እሷን ከውሸታምነት ማዳን በእኔ ላይ ወደቀ። አሁን እየሳቅኩ ላውራው እንጂ ያኔ ፈርቼ ነበር። ባዶ እጄን ብመለስ የማሳያት ፊት አልነበረኝም።

በዚህ መሐል ወይዘሮ የሺ መጡ። ቄራ አካባቢ ሥጋ የሚያከፋፍሉ፣ ትልቅ የማቀዝቀዣ ክፍል ያላቸው ሴት ናቸው። ችግራቸውን ሲናገሩ፣ መብራቱ ጭልጥ ብሎ ቢጠፋልኝ እኮ ግልግል ነበር አሉ። የጎዳቸው ሳይጠፋ የሚደክመው ነው። አምፖሉ ይቀላል፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ያቃስታል፤ ሥጋው ይላባል። ጋሽ አስራት ሰሙና ሳቅ አሉ። መብራቱ ከሁለት መቶ ቮልት በታች ሲወርድ ጄነሬተር ይነሳል፤ ከሁለት መቶ በላይ ሲሆን ወደ መስመሩ ይመለሳል። አንድ ቁጥር፣ አንድ ውሳኔ። በቃ። ወይዘሮ የሺም መርቀው ሄዱ።

አሁን ትንሽ ታገሡኝ፤ ትምህርት ቢጤ አለችበት። እኛ ቤት ቦርድ ከመሠራቱ በፊት በኮምፒውተር ይሞከራል። ሲሙሌሽን ይሉታል። ቦርዱ የለም፤ ጄነሬተሩ የለም፤ ሥጋውም የለም። ሁሉም በቁጥር ተጽፎ ፕሮግራሙ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። መስመር የሚቀይረው ስዊችም እንደዚያው ነው። እውነተኛው ስዊች ቀጭ ይላል፤ የኮምፒውተሩ ስዊች ግን ስንት ቮልት ላይ ሐሳቡን እንደሚቀይር የተጻፈበት አጭር ማስታወሻ ነው። ሞዴል ይባላል። የእኛን ሞዴል የጻፉት ጋሽ አስራት ናቸው፤ በገዛ እጃቸው። የፋይሉ ስም ራሱ «አስራት» ነው።

አስነሳነው። ፕሮግራሙ ጥሩ ጀመረ። ከዚያ ቀስ አለ። ከዚያ ይበልጥ ቀስ አለ። በመጨረሻም ቆመና በቀይ ጽሑፍ አንድ መልእክት አወጣ። ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ የምራመድበት ጊዜ ከመጠን በላይ አነሰብኝ፤ ከዚህ ወዲያ አልሄድም እንደ ማለት ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል የአገሬ ሰው። እኛም ዳውላውን ያዝነው። መጀመሪያ ቫይረስ ነው ተባለ፤ ቫይረስ ተፈለገ። ፕሮግራሙ የተጫነበት ሲዲ ተጭሮ ነው ተባለ፤ ሌላ ሲዲ መጣ፤ ሦስት ጊዜ ተጫነ። ሶኬቱ ተቀየረ። ቬንትሌተሩ ተጠረገ። ላጲሱማ ማሸቱ ከመብዛቱ የተነሳ አልቆ ሌላ ተገዛ። ጋሽ አስራት በየሰዓቱ መጥተው፣ ይህ ኮምፒውተር አርጅቷል ይላሉ። እኛም፣ አዎ ጋሼ አርጅቷል እንላለን። ኮምፒውተሩ የተገዛው ከእኔ መቀጠር በኋላ ነበር።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ማርታና እኔ ጁስ ቤቱ ወረድን።

«ሲሪየስሊ፣ ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም» አለችኝ። «ሌላውን ሥራ ሁሉ ይሠራል እኮ። ማለቴ፣ የሚቆመው ስዊቹ ጋ ሲደርስ ነው።»

«ታዲያ ንገሪያቸዋ!»

«እኔ? እኔ ቋሚ ነኝ። ቋሚነቴን ደግሞ እወደዋለሁ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ረቡዕ ዕለት ጋሽ አስራት ሌላ ደንበኛ ጋ ሲሄዱ «አስራት» የሚለውን ፋይል ከፈትኩት። ውስጡ ያለው አንድ ቁጥር ነው። ሁለት መቶ። ሲሙሌሽኑን እርምጃ በእርምጃ አስኬድኩና ተመለከትኩ። መስመሩ ሁለት መቶ አምስት ቮልት ነው። ስዊቹ፣ መብራት ደህና ነው ብሎ ሞተሩን መስመሩ ላይ ይጭነዋል። ሞተሩ ከባድ ነው፤ ሲጫን መስመሩ ወደ መቶ ዘጠና አምስት ይወርዳል። ስዊቹ ይደነግጥና ወደ ጄነሬተር ይሸሻል። ሸክሙ ሲነሳለት መስመሩ ተመልሶ ሁለት መቶ አምስት ይሆናል። ስዊቹ እንደገና ይመጣል። እንደገና ይሸሻል። ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ የሚቀመጥ፣ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ወንበሩ ተይዟል ብሎ የሚነሳ ሰው አስቡ። ምስኪኑ ፕሮግራም ይህንን ሰውዬ ለመከታተል እርምጃውን አሳጠረ፣ አሳጠረና ደከመው።

ሁለት መቶውን ሰርዤ መቶ ሰማንያ ጻፍኩ። እስከ መጨረሻው ሄደ! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። መስመሩ ከዚህ በላይ ቢደክም መቶ ሰማንያዬ ምን እንደሚሆን አልሞከርኩም። አንዴ የተሳካለት ሰው ምን ሊሆን ሁለተኛ ይሞክራል? ጋሽ አስራት ሳይመጡ ሁለት መቶውን ወደ ቦታው መለስኩት።

አሁን የቀረው መንገር ነው። በማግስቱ ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ያ ሁለት መቶው...»

በመነጽራቸው አናት አዩኝ። «ሁለት መቶው ምን ሆነ?»

«ምንም። ጥሩ ቁጥር ነው።»

ማርታ ከጠረጴዛዋ ሥር ገብታ ሳቀች። በኋላም፣ በቃ ሽማግሌ ላክባቸው አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ምን ይገርማል? እኛ ሽማግሌ የማንልክበት ነገር አለ? አጎቴ አንድ ጊዜ በአውራ ዶሮ ምክንያት ጎረቤቱ ላይ ሽማግሌ ልኳል። ዶሮው ገና ሳይነጋ እየጮኸ እንቅልፍ ነሳው። ሽማግሌዎቹ የሁለቱንም ወገን ሰሙ፤ መከሩ፤ ዶሮው ይታረድና ሁላችንም አብረን እንብላው ብለው ፈረዱ። ታረቁ። አጎቴ እንቅልፉን አገኘ፤ ጎረቤቱ ከእነ ክብሩ ቀረ፤ ሽማግሌዎቹ ወጥ በሉ። ከዶሮው በቀር የተጎዳ የለም።

እናም ሁለት ሰዎች ለመንኩ። አንደኛው ሐጂ ሰይድ ናቸው። የፎቃችን ምድር ቤት የመኪና ዕቃ ይሸጣሉ፤ ከወሎ የመጡ፣ ወሎ ሰፈር የሚኖሩ፣ ጋሽ አስራት ሻይ የሚጠጡት ከእሳቸው ጋር ብቻ ነው። ሁለተኛው ቄራ ያለሁበትን ክፍል ያከራዩኝ አቶ ዘውዴ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ። ሦስተኛ ሰው ብፈልግ አጣሁ። ሐጂ፣ ለስዊች ሁለት ይበቃል፤ ሦስት ለሴት ልጅ ነው አሉኝ።

ጉዳዩን አስረዳሁ። ቮልት አልኩ፤ ሞዴል አልኩ፤ አላበኝ። ሐጂ ሰይድ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ስድብ አለበት?»

«የለበትም።»

«ደም አለበት?»

«ኧረ የለበትም ሐጂ!»

«እንግዲያ ቀላል ነው» አሉ። ሁለቱን ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌ ለአቶ ዘውዴ ሰጠኋቸው። የጋሽ አስራት ሁለት መቶ፣ የእኔ መቶ ሰማንያ። ከእያንዳንዱ ሥርም ምክንያቱን በአንድ መስመር አሰፈርኩ።

እሑድ ጠዋት፣ ጋሽ አስራት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሽማግሌዎቹ ቂርቆስ ቤታቸው ሄዱ። ላኪው እንደማይገባ የታወቀ ነው። እኔ አስፋልቱ ዳር፣ የታክሲው መጠበቂያ ጋ፣ ሳልሳፈር አንድ ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ወያላዎቹ መጀመሪያ ጠሩኝ፤ በኋላ ተዉኝ። የውስጡን የምነግራችሁ ሐጂ እንደነገሩኝ ነው።

በሩን የከፈቱት የጋሽ አስራት ባለቤት ናቸው። ጋቢና ከዘራ ያዩ ጊዜ ደንገጥ ብለው፣ ውይ፣ ልጃችን እኮ ዓምና ተዳረች! አሉ። ሐጂ፣ አላህ ይባርክላት፣ የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው ብለው ገቡ። ጋሽ አስራት ብድግ አሉ። ተቀመጡ ቢሏቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጋሽ አስራት ፊታቸው ተለዋወጠ። ማን ሞተ? አሉ። ማንም አልሞተም ተባሉ። ይሄኔ አቶ ዘውዴ ወረቀቷን ዘርግተው፣ እርስዎ ሁለት መቶ ይላሉ፣ ልጁ መቶ ሰማንያ ይላል ተባልን፤ ለዚህ ነው የመጣነው አሉ።

«ምነው ያገባችውን ልጄን በጠየቃችሁኝ» አሉ ጋሽ አስራት።

ከዚያ የንግግሩ ዶፍ ወረደ። ሠላሳ ዓመት የሠሩበት ቁጥር መሆኑን ተናገሩ። ቡልጋሪያን ከበረዶዋ ጀምሮ ተረኩ። ሽማግሌዎቹ አላቋረጧቸውም። የሽምግልና ግማሹ ሰውዬው እስኪወጣለት መቆም ነው ይላሉ ሐጂ፤ ግማሹ ደግሞ ጉልበት ነው። በመጨረሻ ጋሽ አስራት ሲደክማቸው፣ ከሁለት መቶ በታች የሆነ መብራት ተመልሷል አይባልም፤ ሞተር ያቃጥላል! ብለው ዘጉ።

«ልጁስ ምን ይላል?» አሉ ሐጂ።

አቶ ዘውዴ ከወረቀቷ አነበቡ። «ከመቶ ሰማንያ በላይ ያለ መብራት ሄዷል አይባልም ይላል።»

ሐጂ ሰይድ ወደ ጋሽ አስራት ዞሩ። «ታዲያ የቱ ላይ ነው ጠቡ? እርስዎ የሚናገሩት ስለ መመለስ ነው። እሱ የሚናገረው ስለ መሄድ ነው። ሲሄድ በልጁ ቁጥር ይሂድ፤ ሲመለስ በእርስዎ ቁጥር ይመለስ። የተዋረደ የለም።»

አቶ ዘውዴም፣ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ብለው አጸደቁት። ተመራረቁ። ተቀመጡ። ለስላሳ ቀረበ።

ሲወጡ ሮጬ ደረስኩባቸው። ታርቃችኋል አሉኝ። በየትኛው ቁጥር? ስል፣ በሁለቱም አሉኝ። ምህንድስና እንደ ዶሮው ተካፍሎ ይበላል እንዴ? አንድ ስዊች ሁለት ጌታ አያገለግልም ልላቸው አስቤ፣ እሑዳቸውን የሠዉልኝን ሰዎች ማስቀየሙ ነውር ሆነብኝ። አመሰገንኩ፤ ታክሲ አሳፈርኳቸው። ያን ቀን ቄራ በእግሬ ሄድኩ፤ የምባረር መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጋሽ አስራት ሰላም ሳይሉኝ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። «ሽማግሌዎችህ ፈርደዋል» አሉ። «እንደ ፈረዱት አስገባውና እንየው።» እንዲከሽፍ ፈልገዋል። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈልጌ ነበር። እሳቸውና እኔ የተስማማንበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ሁለት ቁጥር የት እንደሚገባ ስለማላውቅ የፕሮግራሙን መመሪያ ከፈትኩ። እና ምን አየሁ? የስዊቹ ሞዴል ድሮም ሁለተኛ ቁጥር የሚገባበት ቦታ አለው። በመሄጃውና በመመለሻው መካከል ምን ያህል ርቀት ይኑር ተብሎ የሚጻፍበት። የእኛ ፋይል ላይ ዜሮ ሆኖ ተቀምጧል። ጋሽ አስራት አልሞሉትም፤ እኔም አላየሁትም፤ ማርታም አልነካችውም። እንደ ፍርዱ ሞላሁት። አስነሳሁት።

እስከ መጨረሻው ሄደ።

«መስመሩን አድክመው» አሉ ጋሽ አስራት። አደከምኩት። ስዊቹ አንዴ ወደ ጄነሬተር ሄደና መብራቱ በትክክል እስኪመለስ ተረጋግቶ ቆየ። «እስቲ ያንተን ብቻውን» አሉ። መቶ ሰማንያን ብቻውን ደካማው መስመር ላይ ሞከርኩት። ቀይ ጽሑፍ። «የእኔን።» ሁለት መቶን ብቻውን በመጀመሪያው መስመር ላይ ሞከርኩት። ቀይ ጽሑፍ። ጋሽ አስራት መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ቢሯቸው ገቡ። ምሳ ግን በሉ።

ለሐጂ ሰይድ ወርጄ ብነግራቸው ብዙም አልገረማቸው። ባልና ሚስት ስናስታርቅ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምናደርገው አሉ። በትንሽ ነገር የሚሄድና በትንሽ ነገር የሚመለስ ባል፣ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ነው የሚውለው።

የወይዘሮ የሺ ቦርድ ተሠርቶ ቄራ ተገጠመ። ሥጋው ዳነ። እዚህ ላይ ባበቃ፣ የአባቶች ጥበብ ከመጽሐፍ ይበልጣል ብዬ በምክር ልዘጋላችሁ እችል ነበር። ያማረ መዝጊያ ነው። ግን ዓርብ አለ።

ዓርብ የሙከራዬ መጨረሻ ነው። ፂሜን ተላጭቼ ቢሮአቸው ገባሁ። ደብዳቤዬ ይሰጠኛል ብዬ አልተጠራጠርኩም። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች፤ እኔ ደግሞ ሁለት ሽማግሌ አለኝ። ጋሽ አስራት ፊታቸው የበራ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ያን የሁለት ቁጥር ነገር ወደውት ሰንብተዋል። የሻይ እረፍታችንን ሳይቀር በእሱ ነበር የሚያስረዱን።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ነገሩን በደንብ አስቤበታለሁ። አንድ ሰው ቋሚ የሚሆነው ሁለት መቶ ሲሞላ ነው። የሚባረረው ደግሞ ከመቶ ሰማንያ ሲወርድ ነው። ትስማማለህ?»

«እስማማለሁ ጋሼ።»

«ጥፋቱ ያለበትን ቦታ አግኝተሃል። መልሱን ያገኙት ግን ሐጂ ሰይድ ናቸው። ስለዚህ ሁለት መቶ አልሞላህም። እቤቴ ሽማግሌ ልከህብኛል፤ ባለቤቴን አስደንግጠሃል። በዚህ ግን ከመቶ ሰማንያ አላወርድህም።»

«ታዲያ ምንድን ነኝ?»

«ሞዴሉን የሞላኸው አንተ ነህ። በሁለቱ መካከል ያለ ምን ይሆናል?»

ምን ይሆናል? ባለበት ይቆያል። እኔ ደግሞ የነበርኩት ሙከራ ላይ ነው።

ሐጂ ጋ ወርጄ አቤት አልኩ። ፍርዱን እኛው ነን የሰጠነው፤ እንዴት ብለን እናፈርሰዋለን? አሉኝ።

እዚያ ቤት አራት ዓመት ከሦስት ወር ሠራሁ። የለቀቅሁ ዕለት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ በሙከራ ሠራተኛነት ለአራት ዓመት ከሦስት ወር በትጋት አገልግሏል ይላል። አዲሱ ቀጣሪዬ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አራት ዓመት ሙሉ ምንህን ነው ሲሞክሩ የነበረው? አሉኝ። ታሪኩ ረጅም ነው አልኳቸው። አይዞህ አሉኝ በርኅራኄ፤ እኛ ጋ እንደዚያ ያለ ግፍ የለም፤ ሙከራ ሦስት ወር ብቻ ነው።